ሁዳዴን የጾመችው መኪና

አናጢ ነኝ። ላሊበላ ውስጥ በርና መስኮት፣ ሣጥንና መቋሚያ እየሠራሁ ነው የኖርኩት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው መኪናዬን ለምን በእንጨት እንደምጠግናት የሚጠይቀኝ ሰው ስለማይጠፋ ነው። በምን ልጠግናት ኖሯል? መካኒክ ያለው ወልድያ ነው። ወልድያ ለመድረስ ደግሞ መኪናዋ ደህና መሆን አለባት። ደህና ከሆነችማ ወልድያ ምን አስኬደኝ?

የገዛኋት መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመት እንደቆየ፣ አንድ የእርዳታ ድርጅት ዕቃውን ጠቅልሎ ሲሄድ በጨረታ ነው። የእንግሊዝ ስሪት ናት። ጀርባዋ ሸራ ነው፣ ትርፍ ጎማዋን ኮፈኗ ላይ ተሸክማለች፣ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አያንስም። መጀመሪያ ቀን ሞተሯን ሳስነሳ ጎረቤቱ ሁሉ ሊያያት ወጣ። በማግስቱም ወጣ፤ በማግስቱ የወጣው ግን ሊገፋት ነበር።

የማርሿ ራስ ወልቆ ጠፍቶ ስለነበር ከወይራ ጠርቤ ገጠምኩላት። የሠራሁት እንደ መቋሚያ ራስ አድርጌ ነውና አጠገቤ የሚቀመጥ ቄስ ሁሉ ሳያውቀው ይደገፈዋል፣ ማርሹም አብሮት ይገባል። የነዳጅ ታንከሯን ቀዳዳ በልብስ ሳሙና ደፈንኩት። የእኔ በር ከውጭ አይከፈትም፤ በመስኮት እጅ አስገብቶ ከውስጥ ያሰርኩትን ጠፍር መሳብ ነው። ክላክሷ ደግሞ መሪው ወደ ግራ ሲጠመዘዝ ማንም ሳይነካት ትጮኻለች። ይህን ብዙ ሞከርኩት፣ አልሆነም። ከቀብር የሚመለስ ሰው መሐል ወደ ግራ መታጠፍ የነበረብኝን ቀን እስካሁን አልረሳውም፤ ሟቹ ደግሞ በሕይወት ሳለ ከእኔ ጋር እንደማይዋደድ አገር ያውቅ ነበር።

ከሁሉ የምኮራበት የዝናብ መጥረጊያዋ ነው። የመጥረጊያው ሞተር ከተቃጠለ ወዲህ በሁለት ሲባጎ አሰርኩትና አንዱን በእኔ መስኮት፣ ሌላውን በወዲያኛው መስኮት አስገባሁት። እኔ ወደ እኔ እስባለሁ፣ ሚስቴ ወደ እሷ ትስባለች። ተስማምተን የወጣን ቀን መስታወቱ ወለል ብሎ ይታያል። ተኳርፈን የወጣን ቀን ግን የእሷ ሲባጎ ንቅንቅ አይልም፤ መጥረጊያው እኔ ዘንድ መጥቶ ይቀራል፣ እኔም አንገቴን በመስኮት አውጥቼ እየረጠብኩ እነዳለሁ። ለምን ተኳረፋችሁ የሚል ካለ፣ ምክንያቱ ሁልጊዜ መኪናዋ ነበረች።

በርግጥ ሚስቴ እውነት አላት። የእህቷ ልጅ ክርስትና የተነሣ ዕለት አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጠጉሯን ተሠርታ፣ እህቷ ያለችበት ኩልመስክ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን መኪናዋ ቆመችብን። ወገቧን ስለሚያማት በእግር አትችልም። የሰው አህያ ለምኜ ጫንኳት። ስንደርስ እንግዳው በልቶ እጁን ታጥቧል፣ እሷ ከነአዲሱ ቀሚሷ ከአህያ ወረደች፣ ሰውም ሁሉ ዞሮ አያት። አንድ ሳምንት አላናገረችኝም። ያናገረችኝ ዕለት፣ አሮጌ መኪና እየገዛ ለዕቃዋ የሚበታትን የወልድያ ሰው እንዳገኘች ነገረችኝ። ሰውዬው ለገና ሊሳለም መጥቶ ኮፈኗን በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ አይቷት ነበር። በግ እንደሚገዛ ሰው ነበር ያያት፣ በጣም ነው የተናደድኩት።

እዚህ ላይ አማቴን ማስተዋወቅ አለብኝ። የሚስቴ አባት ቄስም የዜማ መምህርም ናቸው፣ ሁላችንም የኔታ ነው የምንላቸው። ከኩልመስክ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ደብር ያስተምራሉ። ልጃቸውን ለእኔ ከዳሩ በኋላ የሚያዩዋት በዓመት አንዴ ለደብሩ ንግሥ ነበር፤ ያውም የጭነት መኪና ከተገኘ። መኪናዋን ከገዛሁ ወዲህ ግን እየቆመችም እየተገፋችም ሚስቴን በየወሩ አደርስላቸዋለሁ። እሳቸው ስለ መኪናዋ ክፉም ደግም ተናግረው አያውቁም። ስንደርስ በረንዳቸው ላይ ቆመው እናገኛቸዋለን፤ ወደ ደጃቸው ስንታጠፍ ክላክሷ ስለምትጮኽ ቀድመው ይሰማሉ።

በዚያ ዓመት ሁዳዴ የኔታ ዓይናቸውን ሊታዩ እኛ ዘንድ ሰነበቱ። የደብረ ዘይት ዕለት ከደብራቸው መቅረት የለባቸውምና ዓርብ መሄድ ነበረባቸው። ሚስቴ ነገሩን እንዲህ ቆረጠችው፦

«አባቴን መንገድ ላይ ሳትገትር ካደረሰችልኝ ትኑር፣ ሁለተኛ አላነሳም። ከገተረቻቸው ግን ሰኞ ቁልፉን ለወልድያው ሰውዬ እሰጣለሁ።»

በምን ታውቂያለሽ አልኳት። አንተን አልጠይቅም፣ አባቴን ነው የምጠይቀው፣ እሳቸው አይዋሹም አለች። እውነቷን ነው፣ የኔታ አይዋሹም። በዚህ ጉዳይ ግን ትንሽ ቢያጎድሉ ደስ ባለኝ።

ረቡዕ ጠዋት ከመኪናዋ ሥር ውኃ አየሁ። ራዲያተሯ ያፈሳል። የመጣብኝን ላብ ልነግራችሁ አልችልም። በአስፋልት ሥራ ላይ የነበረ አንድ የጭነት ሾፌር አጥር ግቢዬ አጠገብ ቆሞ ነበርና ሮጬ ጠየቅኩት። ሳቀና፣ ይህ ምን ያስጨንቃል፣ ሁለት ሦስት እንቁላል ሰብረህ ጨምርበት፣ ሞተሩ ሲግል እንቁላሉ በስሎ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፣ እኔ ስንት አገር ዞሬበታለሁ አለኝ።

እንቁላል! በሁዳዴ! ያውም የኔታ ተሳፍረውባት! እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? የዚያች መኪና እንፋሎት በዳሽቦርዷ ቀዳዳ ሁሉ ወደ ጋቢና ነው የሚገባው። ከሌሊት ጀምሮ ውኃ እንኳ በአፋቸው ያልዞረ ቄስ ፊት ላይ የእንቁላል እንፋሎት ልነፋባቸው ነው? ውኃ የምጨምርበት ማንቆርቆሪያስ የሚስቴ አይደለም? ሁዳዴ ሲገባ ዕቃዋን ሁሉ በአመድ ፈትጋ ያጠበች ሴት እንቁላል የነካ ማንቆርቆሪያ ብታገኝ መኪናዋ ብቻ አይደለችም፣ እኔም ለወልድያው ሰውዬ እሰጥ ነበር። እንቁላል ሞልቷል፤ ማንም አይበላውም፣ በየቤቱ ተከማችቶ ፋሲካን ይጠብቃል። እኔ ግን አልነካውም አልኩ።

የጾም ነገር ሆኖ የሚያጣብቅ ምን አለ ብዬ አሰብኩ። ሳስብ ሳስብ ተልባ መጣልኝ። ተልባ በውኃ ሲነካ የሚሆነውን ያየ ሰው ይረዳኛል፤ ይሟሟል፣ ይወፍራል፣ ይለጠጣል። እንቁላል ምን አድርጎልኝ? በዚያ ላይ የጾም ነው። ይህ ሐሳብ ለእኔ ብቻ መምጣቱን ሳስብ በራሴ ተደነቅኩ። ሚስቴ ገበያ እንደወጣች ቆልታ ፈጭታ በጣሳ ያስቀመጠችውን ተልባ አወጣሁና ራዲያተሯ ውስጥ ጨመርኩት። ሁለት ማንኪያ ይበቃ ነበር ይሆናል። እኔ ጣሳውን ገለበጥኩት።

ሐሙስ ጠዋት ከመኪናዋ ሥር መሬቱ ደረቅ ነበር። ዘለልኩ ብል ማጋነን አይደለም። የመጣብኝ ሌላ ችግር ነው፤ ሚስቴ ለፍትፍት የተልባውን ጣሳ ስታነሳ ባዶ ሆኖባት ማን ወሰደው አለች። ራበኝና በላሁት አልኳት። በምን በላኸው አለች። በማንኪያ አልኩ። ሆዴን አየችው፤ ያን ሁሉ ተልባ በደረቁ የበላ ሰው ሆዱ ምን እንደሚሆን አገር የሚያውቀው ነው። ቀኑን ሙሉ ሆድህ እንዴት ነው እያለች ስትከታተለኝ ዋለች። እንግዳ ፊት ሳይቀር ጠየቀችኝ። ደህና ነኝ ባልኩ ቁጥር ይበልጥ ደነገጠች።

ዓርብ ጠዋት ከየኔታ ጋር ተነሣን። እሳቸው መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው፣ ዳዊታቸውን በማኅደሩ አንጠልጥለው፣ በሚስቴ ቦታ ተቀመጡ። ሜዳው ላይ ደህና ነበርን። እኔም ስለ መኪናዋ ጥንካሬ ሳልጠየቅ ብዙ አወራሁ። ዳገቱን ስንጀምር ግን አንድ ሽታ መጣ። የተቆላ ተልባ ሽታ፣ ልክ ከምድጃ ላይ እንደወረደ። የሁለታችንም ሆድ ባዶ ነው፤ ምራቄን ስውጥ ተሰማኝ፣ እሳቸውም ሲውጡ ሰማሁ። የሙቀት መለኪያዋ ቀስት ወደ ቀዩ እየተጠጋች ነበር። ላለማየት ዓይኔን መንገዱ ላይ ተከልኩ።

የራዲያተሯ ክዳን አሮጌ ነው። አንድ ጊዜ ቡፍ አለና በኮፈኗ ስንጥቅ ሁሉ አንድ የሚያዳልጥ ነገር ወጥቶ መስታወቱን ሸፈነው። ምንም አይታየኝም። «የኔታ፣ ሲባጎውን ይሳቡልኝ» አልኩ። እሳቸውም ሳይጠይቁ ሳቡ። እኔ ስስብ እሳቸው ሲስቡ መጥረጊያው ተልባውን ከወዲያ ወዲህ ለቀለቀው እንጂ አልጠረገውም። የኔታ ግን የዜማ ሰው ናቸውና ሳይታወቃቸው ምት ያዙ፤ ሲባጎውን ጎትተው፣ ትንሽ ቆይተው፣ ደግመው ጎትተው። እኔም በእሳቸው ምት ገባሁ። በዚህ ሁኔታ ትንሽ ሄድን።

«የሸተተኝ ተልባ ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

የሞተር ዘይት ነው አልኳቸው። በሁዳዴ፣ ቄስ ፊት፣ ይህን የመሰለ ውሸት። ቀስቷን አዩ፣ ሰማዩን አዩ፣ ከዚያ፦

«የስድስት ሰዓት ጸሎቴ ደርሷል። አስቁምልኝ» አሉ።

ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። ሌላ አንድ መቶ እርምጃ ብትሄድ ራሷ ትቆም ነበር። ወርጄ ኮፈኗን ልከፍት ስል የሠራሁት የእንጨት መደገፊያ በንዴት ብጎትተው ተሰበረ። ጎማዋን በእርግጫ መታሁት፣ የእግሬ ጣት እሳት ሆነብኝ። በአንድ እግሬ እየነጠርኩ ያለውን ሁሉ ዘረገፍኩት፤ ስለ ራዲያተሯ፣ ስለ ተልባው፣ ሾፌሩ እንቁላል እንዳለኝና እኔ ለእሳቸው ክብር ብዬ እንደተውኩት፣ ሰኞ መኪናዋ እንደምትሸጥና እንደምትበታተን። ሳልፈልግ እንባዬ መጣ። ሰው ለመኪና ያለቅሳል እንዴ አትበሉኝ፤ የማርሿን ራስ ስጠርብ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።

የኔታ ሰምተው ሲጨርሱ መቋሚያቸውን ሰጡኝ፣ ኮፈኑን ደግፍበት ብለው። ከትርፍ ጎማው ጋር የሚከብደውን ኮፈን መቋሚያው ችሎ ቆመ። እኔው የሠራሁት ነበር።

ከመንገዱ በላይ አንዲት ቤት አለች፣ ከመንገዱ በታች ገደሉ ውስጥ ውኃ አለ። በሁለት ጄሪካን አመጣሁና ተልባውን አጠብኩት፤ እየተጎተተ ወጥቶ አለቀ። ትንሽ ንጹህ ውኃ ጨመርኩባት። ውኃው ከሥር ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይል ጀመር። ቀዳዳው እንዳለ ነው። አሁን በቃ ብዬ ተቀመጥኩ። የኔታ ግን ሂድና የሚሞላትን ያህል ደግመህ አምጣ፣ ቀስ ብለህ ውጣ፣ አትቸኩል፣ እኔ ጸሎቴን አደርሳለሁ አሉኝ። ጣቴ ስለሚያመኝ ስወርድም ስወጣም ብዙ ቆየሁ። ስመለስ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። ውኃ ሲያዩ ግን አስቀድመው እጃቸውን ዘረጉና እስከ ክርናቸው ታጠቡ፣ ሦስት ጊዜ። ሞላኋት፣ አስነሳኋት። ጎንበስ ብዬ ብጠብቅ ጠብታ የለም። ሞተሯ ከሞቀ በኋላም የለም። ተልባው ከውስጥ ይዟል ብዬ ጮህኩ። የኔታ «እግዚአብሔር ያለው ነገር» ብለው ጋቢናው ውስጥ ገቡ።

ኩልመስክ ስንገባ ገና ፀሐይ ነበረ። ስመለስ ለልጃቸው ደብዳቤ ሰጡኝ። ሚስቴ ቆማ አነበበችው፦ በሰላም ገብቻለሁ፣ ጸሎቴን ላደርስ መንገድ ላይ ያስቆምኩት እኔ ነኝ፣ መኪናዋ ደህና ናት። ሦስቱም እውነት ነው። እንደገባሁ ተቀብላ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን ቁልፍ አውልቃ ሰጠችኝ፣ የወልድያው ሰውዬም ባዶ እጁን ሄደ።

ከዚያ በኋላ እኔን ማን ቻለኝ። ላሊበላ የሚገባ ሾፌር ሁሉ የተልባን ጥቅም ሳይሰማ አይወጣም ነበር። ያልጠየቀኝንም አስቁሜ ነገርኩ። ስሜ ቀርቶ ተልባው ይሉኝ ጀመር፣ እኔም እንደ ማዕረግ ቆጠርኩት። የኮን ሰው የሆነ አንድ የጭነት ሾፌር ምክሬን ሰምቶ ሁለት ጣሳ ጨምሮ፣ ከነጭነቱ ተራራ ላይ ሁለት ቀን አሳልፎ፣ የጎማ መፍቻ ይዞ ሲፈልገኝ መጣ። ለአንድ ደብር በሠራሁት የልብሰ ተክህኖ ሣጥን ውስጥ ተደብቄ ዳንኩ። ሰውዬው ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ሲሄድ ግን እሱ መጠኑን ስላላወቀ ነው አልኩ፣ እምነቴ አልተነቃነቀም።

በዚያው ክረምት ኩልመስክ ገበያ ወርጄ አንድ ጠላ ቤት ተቀምጫለሁ። አጠገቤ ያሉት ሰዎች ስለ አንድ ቄስ ይሳሳቃሉ። በሁዳዴ እኩሌታ፣ ያውም ዓርብ ቀን፣ መንገድ ዳር ካለች ሴት ቤት ገብተው እንቁላል ለመኑ፣ ሦስት ተቀብለው በነጠላቸው ሸፍነው ሄዱ ይባባላሉ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ማን ናቸው ስላቸው የአማቴን ስም ጠሩ። ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም፤ ጣሳዬን ወርውሬያለሁ፣ የፊት ጥርሴም ያኔ ነው የተሸረፈችው።

ወሬው ግን አልቆመም። በየድግሱ የዶሮ ወጥ ሲቀርብ እንቁላሉ ወደ የኔታ ይገፋል፣ ሴቶች በነጠላቸው አፋቸውን ይሸፍናሉ። ሳቁ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ሦስት ቤት የንስሐ ልጆቻቸው ወደ ሌላ ቄስ ዞሩ። አንደኛው ቤት አባወራውን ክርስትና ያነሱት ራሳቸው ነበሩ። እኔ ስለ እሳቸው መደባደቤን ሳወራላቸው ጥርሴን አዩት፣ ከዚያ ደጅ የቆመችውን መኪና አዩ፣ ስለ እኔ ብለህ ሁለተኛ ሰው እንዳትመታ አሉኝ። ስም አጥፊ ናት ብዬ ያችን ሴትዮ ስንት ጊዜ ረግሜያታለሁ።

አራት ዓመት አለፈ። ራዲያተሯ እንደገና ሲያፈስ በዚህ ጊዜ ፈትቼ፣ በአውቶቡስ ጭኜ፣ ወልድያ ላለ አንድ በያጅ ወሰድኩት። በያጁ ከፈተውና ማነው እንቁላል የጨመረበት አለኝ። እንቁላል አይደለም፣ ተልባ ነው፣ ፈልሳፊው እኔ ነኝ አልኩትና ማስረዳት ጀመርኩ። ሳልጨርስ እጄን ይዞ መዳፌ ላይ አንድ ነገር አስቀመጠልኝ። የጥፍር ታህል የእንቁላል ቅርፊት። ያ ዳገት መጣብኝ፣ ከመንገዱ በላይ የነበረችው ቤት መጣችብኝ፣ እስከ ክርን ሦስት ጊዜ የታጠበው እጅ መጣብኝ። በያጁ አመመህ ወይ ብሎ ውኃ ሰጠኝ።

ራዲያተሯን እንደገጠምኩ ሚስቴን ይዤ ኩልመስክ ሄድኩ። እሷ ጓዳ ስትገባ የኔታን በረንዳው ላይ ቅርፊቷን አሳየኋቸው። ከዓይናቸው አስጠግተው አዩዋት።

«አንዱ ከነቅርፊቱ ሳይገባ አልቀረም ብዬ ነበር» አሉ። «ዓይኔ ደካማ ነው።»

ለምን ዝም አሉ፣ ለመኪናዋ ነው ቢሉ ማን ይስቅ ነበር አልኳቸው። ተቆጥቼ ነበር፣ በማን እንደሆነ አላውቅም።

«ለመኪናዋ ነው ብል ወሬው ላሊበላ ይደርሳል። ልጄ ትሰማለች፣ መኪናዋም ትሸጣለች» አሉኝ። «ያቺ መኪና ሳትኖር ልጄን የማያት በዓመት አንድ ቀን ነበር። አሁን በየወሩ አያታለሁ። ሰው የሚለውን ይበል።»

ለንስሐ አባታቸው ነግረው እንደነበርም አጫወቱኝ፤ እሳቸው ስቀው አሰናብተዋቸዋል። አንተ ደግሞ በተልባው በጣም ደስ ብሎህ ነበር አሉ፣ ያንንም ልወስድብህ አልወደድኩም። ይህን ሲሉ አልቻልኩም፣ ጉልበታቸው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ተወው፣ አለፈ አሉ። እኔ ግን የምተው ሰው አይደለሁም።

በማግስቱ ገበያ ነበር። ሚስቴን ጨው እንገዛለን ብዬ ይዣት ወጣሁና መኪናዋን ገበያው መሐል አቆምኳት። መሪዋን ወደ ግራ ጠምዝዤ ያዝኩት። በሕይወቴ ያችን ክላክስ ሆን ብዬ ያስጮኽኩት ያኔ ብቻ ነው። ሰው፣ አህያና በግ ተሰበሰበ። ኮፈኗ ላይ ወጥቼ ትርፍ ጎማው ላይ ቆምኩ።

«በሁዳዴ እንቁላል የበላችው ይህቺ ናት» አልኩ። «የኔታ አይደሉም።»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቡፍ ያለውን፣ ሲባጎውን፣ ተልባው የማይረባ መሆኑን፣ እኔም ሞኝ መሆኔን። ሰው በሳቅ ተንፈራፈረ። ጥርሴን የሸረፈው ሰውዬ ከሁሉ በላይ እየሳቀ ነበር። እንቁላሉን የሰጠችው ሴትም ከመሐል ብቅ ብላ፣ እኔስ መኪናዋ ውስጥ ሲሰብሩት በዓይኔ አይቻለሁ፣ ይህን ስናገር ግን ማን ይሰማኛል አለች። ይቅርታ ጠየቅኳት። ከሦስቱ ቤት የአንዱ አባወራ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ደብሩ ሲወጣ አየሁት።

ሚስቴ ይህን ሁሉ የሰማችው ያኔ፣ ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ ነው። እኔ ጎማው ላይ ቆሜ ሳለሁ በሯን ከፍታ ወረደች። የደብሩን ዳገት በዚያ ወገቧ፣ በእግሯ፣ ወደ አባቷ ቤት ወጣች። ተከትዬ ስደርስ ሁለቱ በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ስንመለስ ዝናብ ያዘን። ያ ተልባ፣ ያ ውሸት፣ አራት ዓመት ሙሉ፤ ዛሬ ሲባጎው አይሳብም ብዬ አንገቴን በመስኮት ለማውጣት ስዘጋጅ መጥረጊያው ወደ እሷ ሄደ። ወደ እኔ ሳብኩት፣ ወደ እሷ ሄደ። እንዲህ እያልን ዳገቱን ወረድን። እንቁላሉ የተለመነባትን ቤት ስናልፍ እንደ ምንም ብዬ ጠየቅኳት።

«ትሸጣለች እንዴ?»

«ዝም ብለህ ሳብ» አለች።